የአስማሚነት ሥልጠና፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም ጓዶች። አስማሚነት (ሳይፈርዱ፣ የተጣሉ ሰዎች ራሳቸው እንዲስማሙ የማገዝ ሥራ) እየተማርኩ መሆኑን የሰማችሁ ስለጠየቃችሁኝ እስካሁን የያዝኩትን ላካፍላችሁ። የምንማረው ሜክሲኮ አካባቢ፣ ከሥራ መልስ ነው።

ሕጉን ቶሎ ነው ያለፍነው። በ2013 ዓ.ም. የወጡት የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 እና የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237 መንገዱን ከፍተዋል፤ ልደታ ፍርድ ቤት የተከፈተ መዝገብም ወደ አስማሚ ሊመራ ይችላል።

ከባዱ ሥነ ምግባሩ ነው። አሜሪካኖች በ1994 እ.ኤ.አ. አውጥተው በ2005 ያሻሻሉት የአስማሚዎች መመሪያ ከሁሉ በፊት ውሳኔው የባለጉዳዮቹ ነው ይላል። ሲነበብ ቀላል ነው። እኛ ግን ያደግነው "ስለ ሽበቴ ብለህ ተወው" ሲባል እየሰማን ነው፣ እምቢ ያለው ደግሞ ሽማግሌ ረገጠ ተብሎ በሰፈሩ ይወራበታል። ሽምግልናን አከብራለሁ። ሰው እስኪበርድለት መታገስን ያየሁት እዚያ ነው። ጫናው ግን እዚያው ይቅር። ተጭነውት የፈረመ ሰው ውሉን አይፈጽምም።

ባለፈው ልምምድ ላይ የደረሰኝ የእናታቸውን ቤት የወረሱ ወንድምና እህት ጉዳይ ነበር። ለየብቻ ሳነጋግራቸው እህትየው ቤቱ እንዲሸጥ የምትወተውተው ዕዳ ስላለባት መሆኑን ነገረችኝና "ለወንድሜ እንዳትነግረው" አለች። ጉዳዩን የሚፈታው ይሄ የዕዳው ነገር ነው፣ ግን ምስጢሯ ነው። ስለዚህ "ከነገርሽኝ ውስጥ የቱን እሱ ቢሰማው ይሻልሻል?" አልኳት። ራሷ መርጣ፣ ራሷ ነገረችው። ይቺን ጥያቄ ያዙልኝ፣ ትሠራለች።

ሌላው ገለልተኝነት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አበልጅ፣ የዕድር ጓደኛ፣ የአገር ልጅ የማይገጥመው ማን አለ? ስለዚህ ትውውቁን ገና ሳይጀመር ለሁለቱም መናገር፣ አንዳቸው ቅር ካላቸው ከጉዳዩ መነሳት ነው።

ሥልጠናው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ለጠየቃችሁኝ፦ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች መሠረታዊ ሥልጠናው 40 ሰዓት ነው። በኔ እምነት ይሄ ለመጀመር ይበቃል፣ ብቻን ለመቀመጥ ግን አይበቃም። ሰርተፍኬቱ ከተያዘ በኋላ ልምድ ካለው አስማሚ ጎን ተቀምጦ ማየት፣ ከዚያም እሱ እያየ መሥራት እኛም አገር ግዴታ ቢሆን በጣም ደስ ይለኛል።

ቀጣዩ ልምምዳችን የአከራይና ተከራይ ጠብ ነው። ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ያላችሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ባለጉዳይ ሆናችሁ ልትጫወቱልን የምትችሉ በውስጥ መስመር አናግሩኝ። የምር የሚከራከር ሰው ነው የምንፈልገው።