ቲሸርቱን ገልብጦ የገባው አጎቴ

ባለፈው ሳምንት ከአጎቴ ጋር አንድ የመንግሥት ቢሮ ሄደን ነበር። እዚሁ ድሬዳዋ። የቢሮውን ስም አልጽፍም፣ በር ላይ የቆመውን ልጅ ማስቀጣት አልፈልግም።

አጎቴ ስልሳን አልፏል። ልጆቹን ያሳደገው ቀፊራ ገበያ ዕቃ እየጫነና እያወረደ ነው። ጉዳዩ ቀላል ነበር። የቤቱ ማስረጃ ላይ የአባቱ ስም በአንድ ፊደል ተሳስቶ ተጽፏል፣ እሱን ለማስተካከል ነው። ፀሐዩ ሳይበረታ እንድረስ ብለን በጠዋት ከገንደ ቆሬ ባጃጅ ያዝን።

ጥበቃው ፈተሸን። ስልክ፣ ቁልፍ፣ የወረቀት ፌስታል፣ ሁሉም ሰላም። ከዚያ የአጎቴን ደረት አየና እጁን ዘረጋ።

«አባባ፣ በዚህ ቲሸርት አይገባም።»

«ምን ሆነ ልጄ?»

«የፖለቲካ ልብስ ለብሶ መግባት አይቻልም ተብሏል። ትእዛዝ ነው።»

«የማን ትእዛዝ?»

«ከላይ ነው አባባ።»

ቲሸርቱ የ2013 ምርጫ ሰሞን የታደለ ነው። የአንድ ተፎካካሪ ፓርቲ ምልክት አለበት። ድሬ የኖረ ሰው ያውቀዋል፣ የምርጫ ቲሸርት እዚህ ምርጫው ሲያልፍ የሥራ ልብስ ይሆናል። ሰኔ 14 ድምፅ ተሰጠ፣ ቲሸርቱ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ያገለግላል። የአጎቴ ትከሻው ላይ በሸክም ብዛት ሳስቷል፣ ምልክቱ ተሰነጣጥቋል፣ ከጽሑፉም ግማሹ ለቋል። ፓርቲውን ይደግፍ አይደግፍ እኔ ጠይቄው አላውቅም። ቢደግፍስ? ለምን ይጠየቃል?

እኔ ለመከራከር አፌን ስከፍት እሱ ክንዴን ያዝ አደረገኝ። «ተይው» አለኝ። አጥሩ ጥግ ያለችው የኒም ዛፍ ጥላ ስር ሄደ፣ ወረፋ የቆመው ሰው ሁሉ እያየው ቲሸርቱን አወለቀ፣ ገለበጠው፣ መልሶ ለበሰው። ስፌቱ ውጭ ወጣ። አንገቱ ላይ ያለችው የቁጥር ጨርቅ ጉሮሮው ስር ተንጠለጠለች። ጨርቁ ስለሳሳ ደግሞ ምልክቱ ከጀርባው በኩል ተገልብጦ ይታያል። ጥበቃው አየው። ምልክቱ እንደሚታይም አየ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ «ግቡ» አለን።

አልፈርድበትም። ልጁ ራሱ አፍሮ ነበር።

ውስጥ ገባን። መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ሠራተኛ ለአንድ የድጋፍ ሰልፍ የታተመ፣ መፈክር የተጻፈበት አዲስ ቲሸርት ለብሷል። ትሁት ሰው ነው፣ አጎቴን «ይቀመጡ» ብሎ በአክብሮት ነው ያስተናገደው። ግን ቲሸርቱ ቲሸርት ነው። በር ላይ የፖለቲካ ልብስ ከተከለከለ ይሄ ምንድነው? አጎቴ ገልብጦ የለበሰ፣ እሱ ደግሞ በፊት ለፊቱ የለበሰ፣ በአንድ መስታወት ግራና ቀኝ ተቀምጠው ይነጋገራሉ። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይሄ ምስል ከዓይኔ አልጠፋም።

ያለኝ ሐሳብ አንድ ነው። መንግሥት ቢሮ ውስጥ ገለልተኛ የመሆን ግዴታ ያለበት ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠው ነው። ወዲህ የቆመው ባለጉዳይ ነው። ባለጉዳይ የፈለገውን ያስባል፣ ያሰበውንም ይለብሳል። ሠራተኛው ግን በዚያ ሰዓት የሁላችንም ነው። ሕገ መንግሥቱ እንኳ በአንቀጽ 87 ከፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነፃ ሆኖ ሥራውን ይሥራ ያለው መከላከያውን ነው። ግዴታውን የጣለው የመንግሥትን ሥራ በሚሠራው ላይ ነው። እኛ ጋ ተገልብጦ ባለጉዳዩ ላይ ወደቀ።

አንቀጽ 29ንም ገልጬ አነበብኩት። ሐሳብን መግለጽ በቃል፣ በጽሑፍ፣ በሕትመት፣ በሥነ ጥበብ ወይም ሰውዬው በመረጠው በሌላ መንገድ ነው ይላል። ቲሸርት ላይ የታተመ ነገር ሕትመት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ንዑስ አንቀጽ 6 ደግሞ ገደብ የሚጣለው በሕግ ብቻ መሆኑን፣ ሕጉም ሐሳብ በይዘቱ ምክንያት አይገታም ከሚለው መርህ መነሳት እንዳለበት ይናገራል። ጥበቃው «ትእዛዝ» ያለው፣ በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት፣ ሕግ አይደለም። ቁጥር የለውም፣ ቀን የለውም፣ ማን እንደፈረመው አይታይም።

ገደብ ጭራሽ አይኑር እያልኩ አይደለም። ድምፅ በሚሰጥበት ቀን ምርጫ ጣቢያ ውስጥ የፓርቲ ምልክት ለብሶ መግባት ሌላ ነገር ነው፣ እዚያ ሰው በጥሞና መወሰን አለበት። በብሔር ወይም በሃይማኖት ላይ ጥላቻ የሚቀሰቅስ ጽሑፍም ራሱን የቻለ ሕግ አለው፣ አዋጅ ቁጥር 1185/2012። ችሎት ውስጥም ዳኛ ሥርዓት ያስከብራል። እነዚህ ሁሉ ምክንያታቸው ይታወቃል። የአባትን ስም አንድ ፊደል ማስተካከል ግን የማንንም ጥሞና አይረብሽም።

ይሄ ክርክር የእኛ ብቻም አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆቹ 1968 ፖል ኮኸን የሚባል ወጣት የቬትናም ጦርነት ምልመላን በስድብ የሚቃወም ጃኬት ለብሶ ሎስ አንጀለስ ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ ተገኘ። ችሎቱ ውስጥ ሲገባ ጃኬቱን አውልቆ፣ አጥፎ ክንዱ ላይ አድርጎት ነበር። ሲወጣ ታሰረ፣ 30 ቀን ተፈረደበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በ1971 በ5 ለ4 ድምፅ ፍርዱን ሻረለት። ይህን ሳነብ የመጣብኝ አጎቴ ነው። ኮኸንም ችሎቱን አክብሮ አውልቋል። ልዩነቱ ኮኸን በራሱ ፈቃድ ነው ያወለቀው፣ አጎቴን ግን አስወለቁት።

ሌላው ደግሞ የሚኒሶታ ጉዳይ ነው፣ ከአሜሪካ ግዛቶች አንዷ ናት። እዚያ ምርጫ ጣቢያ ውስጥ «ፖለቲካዊ» ልብስ የሚከለክል ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ሕግ ነበር። ያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፈረንጆቹ 2018 በ7 ለ2 ጣለው። ምርጫ ጣቢያን ፀጥ ማድረግ ይቻላል፣ ግን «ፖለቲካዊ» ማለት ምን እንደሆነ ካልተነገረ በር ላይ የቆመው ሰው እንደመሰለው ይወስናል ነው ያሉት በአጭሩ። ምርጫ ጣቢያ ውስጥ እንኳ!

አሁን ይህንን ወደ ድሬ አምጡት። እዚያ ወረፋ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ጥለት ያለው ነጠላ የለበሱ እናት ነበሩ። ጥቁር፣ ቀይ፣ ነጭ ኮፍያ ያደረገ ልጅ ነበር። ዲራዕ የለበሱ፣ ሽርጥ የታጠቁ፣ ሁሉም ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ የቱ ባህል ነው፣ የቱ ፖለቲካ? ወላሂ እኔ እዚህ ተወልጄ አድጌ መለየት አልችልም። ያ ጥበቃ እንዴት ይለያል? ዛሬ አንዱ ቀለም አያስገባም፣ ነገ ሌላ ኃላፊ ሲመጣ ሌላው ቀለም ይሆናል፣ ከዚያ ሰው ሲያይህ ከመስመሩ ይልቅ ልብስህን መቁጠር ይጀምራል። ድሬ እንዲህ አልነበረችም። እዚህ ሰው የጎረቤቱን ብሔር ሳይጠይቅ ቡና ጠጥቶ ያረጀበት ከተማ ነው፣ ይሄን ነገር ቢሮ በር ላይ ማስጀመር ለምን ያስፈልጋል? በጣም ነው የሚያሳዝነኝ።

ሰኞ አንድ ገጽ ማመልከቻ ጽፌ ሄድኩ። ሦስት ነገር ነው የጠየቅኩት። ማስታወቂያውን ማን አወጣው፣ በየትኛው ሕግ፣ ሠራተኞቹንስ ይመለከታል ወይ? መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ቆማ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ቀና ብላ አየችኝ። ቀጥሎ ማህተሙን አነሳችና ኮፒዬ ላይ አሳረፈችልኝ፣ «የገባበት ቁጥር ይኸውልሽ፣ አትጣይው» አለችኝ።

አጎቴ ማስረጃውን ለመውሰድ ሐሙስ ይመለሳል። የታናሽ ወንድሜን ሸሚዝ ላበድረው ብዬ ነበር። አይሆንም አለ። ቲሸርቱን ራሱ በእጁ አጥቦ፣ በቀኙ አድርጎ ገመድ ላይ አስጥቶታል።