ቧንቧው አይደለም ያሰቃየኝ፣ ፍሳሹ ነው

ጅማ ውስጥ ከመርካቶ ብዙም ሳይርቅ ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሐሙስ የሂርማታ ገበያ ቀን ነው። ከገጠር የመጣው ሰው ሁሉ በደጄ ያልፋል። በደጃችሁ ለአላፊ አግዳሚው የመጠጥ ውሃ ለማቆም ካሰባችሁ፣ ይቺን ሳታነቡ ብየዳ ቤት አትሂዱ። ለእኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ ነው። አንዲት አዴ ከሰላቸውን ሸጠው ባዶ ማዳበሪያቸውን አጣጥፈው ሱቄ ደፍ ላይ ተቀመጡ። «ቢሻን» አሉኝ፣ ውሃ ማለታቸው ነው። በብርጭቆ ሰጠኋቸው፣ ጠጥተው መረቁኝ። ከሳቸው ኋላ አንድ ተሸካሚ መጣ። ከዚያ ሊስትሮዎቹ መጡ። እስከ ማታ አንድ ጀሪካን አለቀ። ጎረቤት ሱቅ ሀይላንድ ሞልቷል፤ ግን የከሰል ብሩን ለሀይላንድ የሚያወጣ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ሥራው ራሱ ቀላል ነው። ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ገዛሁ። የአንግል ብረት ማቆሚያ አሠራሁለት። ሲሞላ አንድ ቶን እንደሚመዝን ለበያጁ ደጋግማችሁ ንገሩት፣ የኔው ሊቀልድብኝ ነበር። መስመሩን ከራሴ ቆጣሪ አስቀጠልኩ፣ ሁለት ቧንቧ በአጥሬ በኩል አስወጣሁ። በላዩ ላይ በኦሮምኛ «ቢሻን ዱጋቲ፣ ቶላ»፣ በአማርኛ «የመጠጥ ውሃ፣ በነጻ» ብዬ ጻፍኩ። በአራት ቀን አለቀ። ፈቃድ አልጠየቅኩም። ቆጣሪው የራሴ፣ አጥሩ የራሴ፣ ሂሳቡም የራሴ ነው። «መጀመሪያ አስፈቅድ ነበር» ያሉኝ አሉ። መጀመሪያ አስፈቅጄ ቢሆን ኖሮ ዛሬም ፈቃዱን እየጠበቅኩ ነበር።

የተሳሳትኩት ሌላ ቦታ ነው። የየካቲት መሬት ያታልላል። የፈሰሰውን ሁሉ ይጠጣል። አንድ ቀን እንኳ ጎንበስ ብዬ «ይሄ ውሃ የት ይሄዳል?» አላልኩም።

ከዚያ ባጃጆቹ መጡ። መጀመሪያ ለመጠጣት፣ ቀጥሎ ፊት ለመታጠብ፣ ቀጥሎ ባጃጅ ለማጠብ። ሱቄን ዘግቼ ስሄድ ሦስት አራት ሆነው ይሰለፋሉ። ተጭነው ሲለቁት ራሱ የሚዘጋ ቧንቧ በውድ ገዝቼ ቀየርኩ፣ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ። በማግስቱ ጠዋት ስመጣ መጫኛው በከመነዳሪ ቁራጭ ጥርቅም ተደርጎ ታስሯል። ሮቶው ባዶ ነው። ሾፌሮቹን ስጠይቃቸው አንዱ፣ «ነጻ ነው ብለህ ጽፈህ የለ እንዴ!» አለኝ። ምን ይባላል?

ሚያዝያ ላይ ዝናቡ ጠነከረ። ለጅማ ሰው ስለ ጭቃ ማስረዳት ነውር ነው፤ ሌላ ቦታ ያላችሁ ግን ቀይ አፈርና የማያቋርጥ እርጥበት ሲገናኙ ምን እንደሚፈጠር አስቡት። ከቧንቧዬ ሥር የጀመረው ረግረግ ተንሸራቶ ሀጂ ደጅ ደረሰ። ሀጂ ጎረቤቴ ናቸው፣ ጨርቅ ይሸጣሉ። ደንበኞቻቸው ጫማቸውን ደፉ ላይ ይጠርጋሉ፣ ነጠላ ጫማዋ ጭቃ ውስጥ ተውጦ የቀረባት ሴት ሁሉ አለች። ሀጂ ሦስት ጊዜ ነገሩኝ። በሦስተኛው፣ «ልጄ፣ ምንዳው ላንተ ተጻፈ፣ ጭቃው ግን ለኔ ደረሰኝ» አሉ። «እሺ ሀጂ» አልኩና ምንም አላደረግኩም። ውሃ በነጻ የሚሰጥ ሰው እኮ ጥፋተኛ መሆኑ አይታየውም። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ሀጂም አመለከቱ። ሁለት ሰዎች መጥተው ቧንቧዎቹን በሽቦ አሸጉና ወረቀት ለጥፈው ሄዱ። ወረቀቱ «ፍሳሽ ወደ መንገድ በመልቀቅ» ይላል። ስለ መጠጥ ውሃ አንድም ቃል የለውም።

መጀመሪያ በራሴ ልፈታው ሞከርኩ። አንድ ሜትር ጉድጓድ አስቆፍሬ ድንጋይ አስሞላሁ፣ ፍሳሹ እዚያ ገብቶ እንዲሰርግ። አሸዋማ አገር ይሠራ ይሆናል። እኛ ጋ ጉድጓዱ የዝናቡን ውሃ ይዞ ኩሬ ሆነ። ማታ ማታ እንቁራሪት ይጮህበታል። የቆፋሪው ገንዘብ እንዲሁ ገደል ገባ።

ከሱቄ ስድስት እርምጃ ላይ የመንገድ ዳር ቦይ አለ። ቱቦዬን እዚያ ላገናኝ ብዬ ቢሮ መዞር ጀመርኩ። ስማቸውን አልጠራም። አንደኛው ቢሮ «ቦዩ የመንገድ ነው» አለኝ። ሁለተኛው «መንገዱ የኛ ነው፣ ፍሳሹ ግን አይመለከተንም» አለኝ። ሦስተኛው ጋ ያለው ልጅ ደግሞ ኮምፒውተሩን እያየ፣ «ለሕዝብ አገልግሎት ከሆነ ፕሮጀክት ነው። ፕሮፖዛል ጽፈው ይምጡ» አለ። ፕሮፖዛል! ለስድስት እርምጃ ቱቦ! ኦሮምኛ እናገራለሁ፣ ስጽፍ ግን እሳሳታለሁ፤ ማመልከቻውን የእህቴ ልጅ ጻፈልኝ። ይዤ ስሄድ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው»። በማግስቱ ስብሰባ። ከዚያ ወዲያ መስክ ወጡ። ግንቦት እንዲህ አለቀ። ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ሰው ይመጣል፣ የታሸገውን ቧንቧ ይጫናል፣ እኔን ያያል፣ ይሄዳል።

ተናደድኩ። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሰው ሲናደድ ኮፒ ያደርጋል። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 90 ኮፒ አደረግኩ፤ የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ዜጋው ንጹህ ውሃ እንዲያገኝ ይደረጋል የሚለውን። በላዩ ላይ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ውሃን እንደ ሰብዓዊ መብት ያወቀበትን የ2010 እ.ኤ.አ. ውሳኔ ደረብኩበት። ኃላፊውን በመጨረሻ አገኘኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ አጣጥፈው መለሱልኝና፣ «ወንድሜ፣ ይሄ ስለ ንጹህ ውሃ እንጂ ስለ ጭቃ አይልም» አሉ። የዚያን ቀን ጠላኋቸው። አሁን ሳስበው እውነታቸውን ነው፤ ይሄ ነው የበለጠ የሚያናድደኝ።

መፍትሔው የመጣው ከቢሮ አይደለም። ቦይ የሚጠርግ አንድ ሠራተኛ ሻይ ስጋብዘው፣ «የቦዩ ክዳን እኮ ቀዳዳ አለው። ቱቦህን በአጥርህ ሥር አምጣና ቀዳዳው ላይ አሳርፈው። መንገድ አልቆፈርክ፣ ክዳን አልከፈትክ፣ ማን ምን ይልሃል?» አለኝ። በግማሽ ቀን ተሠራ። ደጁ ደረቅ መሆኑን ሀጂ ራሳቸው ሄደው መሰከሩልኝ፣ እሽጉም ተነሳ።

ስለዚህ ምክሬ ይኸው ነው፤ ሮቶ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ባልዲ ውሃ ቧንቧው በሚቆምበት ቦታ ድፉና ወዴት እንደሚሄድ ተከተሉት። በየካቲት ሳይሆን በሐምሌ።

ባጃጆቹን ያሸነፍኳቸው በሴንቲሜትር ነው። ከቧንቧው በታች በሲሚንቶ ገንዳ አሠራሁ፣ ከአፉ እስከ ገንዳው ወለል 30 ሴንቲሜትር ብቻ። ሀይላንድ ዘንበል ብሎ ይገባል፣ እፍኝም ይገባል። ባልዲና ጀሪካን አይገባም። ያንን ውድ ቧንቧ ከመግዛቴ በፊት ይሄ ቢታየኝ ኖሮ!

ሌላውን ቶሎ ቶሎ ልንገራችሁ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶው ውስጥ ቀናት ይቆያል፣ ክሎሪኑም እየደከመ ይሄዳል። እኔ ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ክሎሪን እጨምራለሁ። ለ20 ሊትር አንድ ክዳን ነው፤ ለ1,000 ሊትር 50 ክዳን ትቆጥራላችሁ ማለት ነው፣ መሃል ላይ ሰው ካናገራችሁ እንደገና ከአንድ። ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ ቧንቧውን አልከፍትም። ውሃው ደፍርሶ ከመጣ ሮቶው ውስጥ አላስገባውም፣ ያን ቀን ይቅር። ሊያይ የመጣ አንድ ባለሙያ «ኩባያ በሰንሰለት እሰርበት» ብሎኝ ነበር። አሰርኩ፣ በሳምንቱ ፈታሁት። የአንድ ኩባያ ጠርዝ ላይ የገበያው ሰው ሁሉ ከንፈር ሲያርፍ ቆማችሁ ብታዩ እናንተም ትፈቱታላችሁ። ዕቃ ላልያዘ ሰው የታጠበ ሀይላንድ ሱቄ ውስጥ አስቀምጣለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ለዙህር አዛን ሲል ሀጂ የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው መጡ። ለውዱእ ነው። ማንቆርቆሪያው ቧንቧው ሥር ቀጥ ብሎ አይገባም። አዘነበሉት፣ ግማሽ ሞላ፣ እጅጌያቸው ረጠበ።

«ልጄ፣ ይሄን ቧንቧ ትንሽ ከፍ ብታደርገው ምን አለበት?» አሉኝ።

«እሺ ሀጂ» አልኳቸው። ማንቆርቆሪያውን ተቀብዬ ከውስጥ ሞልቼ ሰጠኋቸው። ቧንቧው ግን እዚያው ነው።