ቢኒያም ግርማይና የመጨረሻዋ 200 ሜትር

በብስክሌት ውድድር ስፕሪንተር ማለት አራት አምስት ሰዓት ሙሉ ከሰው መሀል ተደብቆ ጉልበቱን እየቆጠበ ሄዶ መጨረሻዋ 200 ሜትር ላይ ብቻ ብቅ የሚል ሰው ነው፣ ለዛ ይሆናል ብዙ ሰው ልፋቱ የማይታየው። የአስመራው ልጅ ቢኒ 2022 ላይ ጌንት ቬቨልገምን ሲያሸንፍ ግን ያላየ ማን አለ፣ ቤልጂየሞች እንደ ርስታቸው የሚያዩት ውድድር እኮ ነው! በዛው ዓመት ጂሮ (የጣሊያኑ የሶስት ሳምንት ውድድር) ላይ የሆላንዱን ኮከብ ቫን ደር ፑልን ቀድሞ ገባ፣ ከዛ መድረክ ላይ የፕሮሴኮው (የጣሊያን ወይን) ቡሽ ተፈናጥሮ አይኑን መታውና ውድድሩን ጥሎ ወጣ (ይሄ ምን አይነት እድል ነው በናታችሁ?)።

2024 ቱር ደ ፍራንስ ግን ሌላ ነገር ነው። ቱሪን ላይ ሲያሸንፍ ቱር ላይ ስቴጅ (የአንድ ቀን ውድድር) ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ፣ በዛ ሳያበቃ ሁለት ጨመረ። ለኔ ከሶስቱም በላይ የሚገርመኝ አረንጓዴው ማሊያ ነው፣ ምክንያቱም እሱ ብዙ ነጥብ ለሰበሰበ ነው የሚሰጠው፣ መንገድ መሀል ላይ ያሉትን ስፕሪንቶች ሳይቀር እየለቀምክ ሶስት ሳምንት መቆየት አለብህ። 16ኛው ስቴጅ ላይ ወደቀ፣ ለማሊያው የሚፎካከረው ፊሊፕሰን ደግሞ ያንን ቀን አሸንፎ የነጥብ ልዩነቱን አጠበበው፣ በቃ አለቀ ያልነው እኛ ነን፣ ቢኒ ማሊያውን ይዞ ውድድሩ የሚያልቅበት ኒስ ገባ።