ባቡር በሌላት ከተማ የሠራሁት ጣቢያ

ባሕር ዳር ባቡር የላትም፣ ኖሯትም አያውቅም። መኝታ ቤቴ ውስጥ ግን አንድ ጣቢያ አላት። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ80፣ ስፋቱ 45 ሳንቲ ሜትር ነው። በአንድ ጎኑ ሦስት መስመር ሀዲድ፣ በሌላው ጎኑ ጣና፣ መሀሉ ላይ ገና ያላለቀ የጣቢያ ቤት። ቤት የመጣ ሰው ሁሉ እንዴት እንደሠራሁት ይጠይቀኛል፣ ስለዚህ አንድ ጊዜ በደንብ ልጻፈው። የተበላሸብኝንም አልደብቅም፤ ብዙው ጊዜና ገንዘብ የሄደው እዚያ ላይ ነውና።

የጀመረው የአክስቴ ልጅ ከጀርመን ስትመጣ ያገለገለ የሞዴል ባቡር ስብስብ በሻንጣዋ ይዛልኝ ስትመጣ ነው። አንድ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ፣ ሦስት ፉርጎ፣ ክብ የሚሠራ ሀዲድና ባቡሩን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው የሚያሻግር ሁለት የሀዲድ መቀያየሪያ። መጠኑ 1 ለ87 ነው። ማለትም 87 ሜትር የሆነ ነገር እዚህ 1 ሜትር ይሆናል።

አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው ድሬዳዋ፣ የምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ ነው። እኛ ጋ የመጣው ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው። አባቴን «አንተ» ስለው የሚሰሙ የባሕር ዳር ጎረቤቶቻችን ይደነግጣሉ፣ ድሬ ግን አንቱታ ብዙም አይታወቅም። ያን ቀን ከካርቶኑ አንድ ሀዲድ አነሳ፣ በሁለት ጣቱ ለካና «ይሄ የኛ አይደለም። የኛ ጠባብ ነበር» አለኝ።

እውነቱን ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው የጅቡቲ መስመር፣ በሁለቱ ሀዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ነው። ለ87 ሲካፈል 11.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። እጄ ላይ ያለው ሀዲድ ግን 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን በ87 ስታበዙት 1435 ሚሊ ሜትር ይመጣል፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲሱ ባቡር ስፋት። እኔ ደግሞ ልሠራ ያሰብኩት የአባቴን ጊዜ የድሬዳዋ ጣቢያ ነበር። ለጠባብ መስመር የሚሆን 12 ሚሊ ሜትር ሀዲድ ውጭ አገር ይሸጣል፤ ዋጋው ግን የሚቀመስ አይደለም፣ ይዞልኝ የሚመጣም አላገኘሁም። ሰፊውን ሀዲድ አንጥፌ «ይሄ የድሮው የድሬ ለገሃር ነው» ብል ደግሞ አባቴ በየቀኑ እያየው ዝም ሊል ነው። ያንን አልፈለግሁትም። ስለዚህ ጥያቄውን ገለበጥኩት። አዲሱ መስመር አንድ ቀን ባሕር ዳር ቢደርስ ጣቢያው የት ይሆን ነበር? ሐይቁ ዳር አልኩ። ሀዲዱም ሳይዋሽ ቀረ።

የመጀመሪያው ዕቅዴ ትልቅ ነበር። ሰፈራችን ያሉትን አናጢ 2 ሜትር ከ40 በ1 ሜትር ከ20 የሆነ የችፑድ ጠረጴዛ አሠራኋቸው። ባቡሩ ዞሮ ዞሮ ዳገት ይወጣል፣ ከዚያ በራሱ መንገድ ላይ በድልድይ ያልፋል። ወረቀት ላይ በጣም ያምር ነበር። ግን አንዱ ባቡር በሌላው ላይ እንዲያልፍ ቢያንስ 8 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያስፈልጋል፣ ለመውጫ የቀረኝ ደግሞ 1 ሜትር ብቻ ነው። በመቶ 8 ማለት ነው። ሎኮሞቲቩ ብቻውን እንደምንም ወጣ። ሦስቱን ፉርጎ ስቀጥልበት ጎማው ባለበት ይሽከረከራል። ከዓሣ አጥማጆች የመረብ እርሳስ ገዝቼ ውስጡ ጨመርኩበት። ትንሽ ተሻለው፣ ግን ሞተሩ እስኪያቃጥል ድረስ ይግላል።

አባቴ ለሦስት ቀን ምንም ሳይናገር አየኝ። በአራተኛው ቀን «አቦ፣ ብረት በብረት ላይ ነው እኮ የሚሄደው፣ ምን ይዞ ይውጣ?» አለኝ። ለካ የትልቁም የትንሹም ባቡር ችግር አንድ ነው። ለሞዴል በ1 ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር መውጣት ደህና ነው፣ 3 ካለፈ ባቡሩን ማሳጠር ነው። በመቶ 2 ከሆነ 8 ሳንቲ ሜትር ለመውጣት 4 ሜትር፣ ለመውረድ ሌላ 4 ሜትር ያስፈልጋል። ክፍሌ 3 ሜትር በ3 ሜትር ነው። ይህን ችፑዱን ከመግዛቴ በፊት በማስመሪያና በካልኩሌተር 10 ደቂቃ ውስጥ ማወቅ እችል ነበር።

ሌላም ነገር ነበረው። ጠረጴዛውን ግድግዳ ላይ ካስጠጋሁት በኋላ እጄ ጥግ ድረስ አይደርስም። ፉርጎ ከኋላ በኩል ከሀዲድ በወጣ ቁጥር ወንበር ላይ ወጥቼ ሆዴ ላይ መተኛት ነበረብኝ፣ ያኔ ደግሞ ከፊት ያለውን እሰብራለሁ። ለመሥራት ያሰበ ሰው ካለ ቆሞ እጁን ይዘርጋና ይለካ። የኔ 70 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ከዚያ በላይ ያለው ቦታ ለኔ የለም ማለት ነው።

በሰባተኛው ወር አፈረስኩት። አናጢውን «ጋሼ፣ ይሰንጥቁልኝ» ስላቸው መጋዙን ሳያነሱ ቆመው አዩኝ። «ልጄ፣ ስንት ቀን የለፋሁበትን?» አሉ። ጉዳዩን ሳስረዳቸው ግን ገባቸው፣ እንዲያውም 45 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መደርደሪያ ይሻልሃል ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ውሃ ልክ አስቀምጠው ግድግዳው ላይ አሰሩልኝ። ከአናቱ ያለ ምንም ዳገት ሜዳ ነው።

አሁን ባቡሩ ክብ አይዞርም። ይገባል፣ ይቆማል፣ ፉርጎ ይለያል፣ ይቀጥላል፣ ይወጣል። ከዘጌ የመጣ ቡና አንደኛው መስመር ላይ፣ ሲሚንቶ ሁለተኛው ላይ። ሁለት መቀያየሪያና ሦስት ፉርጎ ብቻ ይዞ ቦታ ማስያዙ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ክቡን ስሠራ በ5 ደቂቃ ነበር የሚሰለቸኝ።

ከሀዲዱ ሥር ስለሚነጠፈው ጠጠር ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ብዙ ያስተማረኝ እሱ ነው። እውነተኛው ጠጠር ከ3 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ለ87 ሲካፈል ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነገር ነው። እናቴ ጤፍ ስታበጥር አየሁና ልክ መጠኑ ይሄ ነው አልኩ። የሰርገኛ ጤፍ ቀለሙም ያምራል። አንድ ኩባያ ወስጄ በሀዲዱ መሀል አነጠፍኩ፣ በውሃ የቀጠነ ኮላ አንጠባጠብኩበት። ማታ ላይ ፎቶ አንስቼ ለአክስቴ ልጅ ላክሁላት፣ እውነተኛ ባቡር መንገድ ነው የሚመስለው አለች። በሦስተኛው ቀን ጤፉ በቀለ። ሀዲዱ መሀል አረንጓዴ ፀጉር የመሰለ ቡቃያ ቆሟል። ኮላው ስስ ስለነበር እርጥበቱን ጠጥቶ ነው። ቡቃያው ሲደርቅ ሻጋታ ተከተለ፣ ከዚያ ጉንዳን፣ ከዚያ አይጥ። አይጧ አንዱን የመብራት ሽቦ ቆርጣ ሄደች። እናቴ በጣም አዘነች፣ ስለ ባቡሩ ሳይሆን ስለ ጤፉ። የሚበላ ነገር መጫወቻ ላይ መድፋቴ ከልብ ከንክኗታል፣ እኔም ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።

ከዚያ ወዲህ የሚበላ ነገር አላስገባም። ኮብልስቶን የሚጠርቡ ልጆች ጋ ሄጄ ከመዶሻቸው ሥር የሚወድቀውን የጥቁር ድንጋይ ብናኝ በፌስታል አመጣሁ። በዱቄት ወንፊት ትልልቁን አስቀረሁ፣ በሻይ ማጥለያ አቧራውን አወጣሁ፣ መሀል ላይ የቀረችው ናት የምትፈለገው። አጥቤ ፀሐይ ላይ አደረቅሁት። እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ። የኛ ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ማግኔት የሚስበው ነገር አለበት። ሳላውቅ ያነጠፍኩት የመጀመሪያው ክፍል ላይ ሎኮሞቲቩ ሲመላለስ ከርሞ መንጫጫት ጀመረ። ስፈታው የሞተሩ ማግኔት ላይ ጥቁር ፍርፋሪ ተለጥፏል። ከተበላሸ ስፒከር ማግኔት አውጥቼ በፌስታል ጠቅልዬ ብናኙ ላይ ደጋግሜ አሳለፍኩት። የተሳበውን ጣልኩ፣ የቀረው ለሥራ ሆነ። ሳነጥፍም መጀመሪያ ትንሽ አልኮል ያለበት ውሃ እረጫለሁ፣ ቀጥሎ አንድ ለሁለት የቀጠነ ኮላ ከአንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ጋር በሲሪንጅ አንጠባጥባለሁ። ሳሙናው ከሌለ ኮላው ይንከባለልና ጠጠሩን ይዞት ይሄዳል።

የመብራቱ ነገር ለማንም የሚነገር አይደለም፣ ይጠፋል። ስለዚህ የባጃጅ ባትሪ ገዛሁ። 12 ቮልት ነው፣ የባቡሩም ሞተር 12 ቮልት ነው የሚፈልገው። መሀሉ ላይ ፍጥነት መቆጣጠሪያ ገባ፣ መብራት ሲኖር ባትሪው ይሞላል። በደስታ ሁለት ሳምንት ነዳሁ። አንድ ማታ ፉርጎ ከሀዲድ ወጥቶ የብረት ጎማው ሁለቱን ሀዲድ አገናኘና የላስቲክ ሽታ ሸተተኝ። ሽቦው ቀልጧል። ከአዳፕተር ቢሆን ኖሮ አዳፕተሩ ራሱ ያቋርጥ ነበር፣ ባትሪ ግን ያለውን ሁሉ ነው የሚሰጠው። አባቴ ሽቦውን በጨርቅ ይዞ መነጨቀው። በማግስቱ ባትሪው አፍ ላይ የ2 አምፔር ፊውዝ ገባ። ባትሪ የሚጠቀም ሰው ፊውዙን ሳያስገባ አንድ ሜትር እንኳ እንዳይነዳ እለምናለሁ።

ክረምት ላይ ደግሞ የሐይቁ እርጥበት የሀዲዱን መጋጠሚያዎች ያበላሻል፣ ባቡሩ መሀል ላይ ይቆማል። እያንዳንዱን ሀዲድ ለየብቻው በካውያና በስታኞ ከሥር ካለው ሽቦ ጋር አያያዝኩት። አንድ ቅዳሜ ሙሉ ፈጀ። ከዚያ በኋላ ቆሞ አያውቅም።

ጣናን መሥራት ከሁሉም ይበልጥ ደስ ያለኝ ክፍል ነው። መጀመሪያ ሰማያዊ ቀባሁት። ከዚያ ሐይቁ ዳር ሄጄ ተቀምጬ አየሁት። ጣና ዳር ዳሩ ላይ ሰማያዊ አይደለም። ጥልቀቱ በጣም ራቀ ቢባል 14 ሜትር አካባቢ ነው፣ ወንዞቹ ደግሞ ክረምት ላይ አፈር ይዘው ይገባሉ፣ ውሃው ሻይ በወተት ይመስላል። በአፈርማ ቀለም እንደገና ቀባሁት። ከላይ ቨርኒሽ አፈሰስኩ፣ በሐምሌ፣ ወፍራም አድርጌ። አልደርቅ አለ፣ ተጨማደደ፣ የሐይቁን ትንኝ በሙሉ ሰበሰበ። ፍቄ አነሳሁትና ኅዳር እስኪገባ ጠበቅሁ። ስስ ስስ አድርጌ፣ በቀን አንድ ጊዜ፣ አጎበር ከላይ ሸፍኜ ቀባሁት። በአምስተኛው ቀን ውሃ ሆነ።

ደንገሉን ከቃጫ ሠራሁት። እውነተኛው 4 ሜትር ከሆነ እዚህ 4 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው። ቃጫውን አረንጓዴ ነክሬ ጫፉን በምላጭ መበተን ብቻ ነው። ታንኳዋ ግን ከእውነተኛ ደንገል እንድትሆን ፈለግሁ። ታንኳ የሚሠሩ አባት ጋ ሄጄ አንድ ደረቅ ዘንግ ለመንኳቸው። ለምን እንደሆነ ስነግራቸው ተቀመጡና በጣት የምታህል ታንኳ እንዴት እንደምትታሰር አሳዩኝ። አፍንጫዋን ቀድመህ እሰር፣ ከዚያ ወደ ላይ ትቀናለች አሉ። እኔ ከመሀል ጀምሬ ስለነበር ነው ስትጎብጥብኝ የከረመችው። 6 ሳንቲ ሜትር ናት፣ ወደቡ ዳር ታስራለች።

አዲሱን የዓባይ ድልድይም ልጨምር ብዬ ነበር። 380 ሜትር ነው፣ በኔ መጠን 4 ሜትር ከ37። ከክፍሌ ይበልጣል። ካልኩሌተሩን በዚህኛው ጊዜ ቀድሜ ስላነሳሁ ችፑድ አልገዛሁም።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለው የጣቢያው ቤት ነው። የመጀመሪያው የካርቶን ቤት በክረምቱ ጠሞ ጣሪያው ተከፈተ። ለካ ውጭውን ብቻ ነበር ቀለም የቀባሁት፣ እርጥበቱ በውስጥ በኩል ገባ። ይሄኛውን ከመገጣጠሜ በፊት በሁለቱም ፊት ቨርኒሽ እየቀባሁት ነው። አጠገቡ አንድ ፉርጎ ተፈታትቶ ተቀምጧል፣ የጀርመንኛ ጽሑፉን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ በአማርኛ ልጽፍበት ነው። ሁለተኛው መቀያየሪያም ተፈቷል፣ ምላሱ፣ ማለትም የሚንቀሳቀሰው ሀዲድ፣ አንድ ወገን ላይ አልገጥም ብሎ ፉርጎ ይጥላል።

አባቴ ደብተር ገዝቶ የጉዞ ሰሌዳ ማውጣት ጀምሯል። በየመስመሩ የመግቢያና የመውጫ ሰዓት፣ የጭነት ዓይነት፣ የነጂ ፊርማ። ለዛሬ ማታ የጻፈው «1:30፣ ቡና፣ ከ2ኛ መስመር» ይላል። አሁን 11 ሰዓት ሊሆን ነው፣ መቀያየሪያውን እስከዚያ ማድረስ አለብኝ።