የሲት ሌዘር ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት

ዛሬም ያው ስህተት፦ ለነጭ ቶዮታ ሲት "040" የሚል ኮድ ይዞ ቀለም ፍለጋ። 040 የቦዲው ነጭ ነው፤ ከወንበሩ ጋር ምንም አያገናኘውም።

የሹፌሩን በር ክፈቱና ምሰሶው ላይ ያለውን ስቲከር እዩ። አሮጌዎቹ ላይ ኮፈኑ ሥር ነው። "ሲ/ቲአር" (C/TR) ከሚለው ቀጥሎ ሁለት ኮድ አለ፤ የመጀመሪያው የውጭው ቀለም፣ ሁለተኛው (ለምሳሌ ኤፍቢ40፣ FB40) የውስጡ። ሲቱ እዚህ በልባስ ሰፊ ተቀይሮ ከሆነ ግን ኮዱን እርሱት።

ኮዱ የሚነግራችሁ የፋብሪካውን ቀለም ነው፣ ፀሐይ የበላውን አይደለም። መጀመሪያ ከራስ መደገፊያው ሥር ቀብታችሁ ሲደርቅ አስተያዩ፤ እርጥቡ ያታልላል። የፖሊሽ ቅባቱ በአልኮል በደንብ ካልተነሳ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ይላጣል። በስፖንጅ 3 ወይም 4 ጊዜ ስስ አድርጉት፤ አንዴ የተደፋ ወፍራም ቀለም መታጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል።