«ፑሊ ደግሞ ምኑ ይበላሻል?» የዲናሞ ፑሊ በራሴ የቀየርኩበት ሁለት ቅዳሜ

መኪናዬን በራሴ መጠገን ከጀመርኩ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። በዘይት ቅየራ ጀመርኩ። ቀጥሎ የፊት ፍሬን ሸራ ቀየርኩ። ይሄ፣ የዲናሞውን (ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርገውን) ፑሊ፣ ማለትም ቺንጋው የሚያዞረውን መዘውር መቀየር፣ ሦስተኛው ሥራዬ ነው፤ እስካሁን ከነካካሁትም ትልቁ። ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ለሚያውቅ ሰው ግን የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የት የት እንደተሸወድኩ ሳልደብቅ ልንገራችሁ።

መኪናዋ በፈረንጆቹ 2006 የተሠራች ቮልስዋገን ጎልፍ 5 ናት። ሞተሯ 1.9 ቲዲአይ ናፍጣ ነው። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው፤ የሠራሁትም ቤታችን ጓሮ ባለው መኪና ማቆሚያ ላይ።

ነገሩ የጀመረው በድምፅ ነው። ጠዋት ሳስነሳት ከኮፋኖው ሥር ጭር ጭር ትላለች። ሞቅ ስትል ትተወዋለች። ማታ ሞተሩን ሳጠፋ ደግሞ አንዴ «ጭርርር» ብላ ዝም። እኔ ድምፁን በስልክ ቀዳሁና አዲስ አበባ ላሉት አጎቴ ላክሁላቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። በፊያት 600 እና በፔጆ 404 እጃቸውን ያፍታቱ የድሮ መካኒክ ናቸው።

«ቺንጋ ነው» አሉኝ፣ ቅጂውን እንኳ ሰምተው የጨረሱ አልመሰለኝም። «ቀይረውና ተገላገል።»

22 ዩሮ አውጥቼ ቺንጋውን ቀየርኩ። ለአሥር ቀን ሰላም ሆነ። በአሥራ አንደኛው ቀን ጭርጭርታው ተመለሰ፤ አሁን ደግሞ መንቀጥቀጥ ጨመረበት። ኮፋኖውን ከፍቼ መኪናዋ ቆማ ሞተሩ እየሠራ እያለ ሳየው፣ ቺንጋውን የሚወጥረው ክንድ (ቴንሽነሩ) ግድግዳ ላይ እንዳለ እንሽላሊት ላይ ታች፣ ላይ ታች ይነቀንቃል። ጤነኛ ቴንሽነር እንዲህ አይጨፍርም። ቢያንስ በዓይን እስኪታይ ድረስ አይደለም።

ሰፈር ያለ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። የባትሪውን ቮልት ለኩ፤ 14.2። «ዲናሞው ይቀየር፣ 560 ዩሮ» አሉኝ። ቻርጅ የሚያደርግ ዲናሞ ለምን ይቀየራል ብዬ ጠየቅኩ። «የተበላሸው ፑሊው ነው፤ እኛ ግን የምንቀይረው ከነዲናሞው ነው» የሚል መልስ አገኘሁ። አመስግኜ ወጣሁ። ቢያንስ የበሽታውን ስም በነፃ ነገሩኝ።

ለጋሼ ደውዬ ስነግራቸው ሳቁብኝ። «አንተ ልጅ፣ ፑሊ ደግሞ ምኑ ይበላሻል? ድፍን ብረት አይደለም እንዴ?»

በእሳቸው ዘመን ልክ ናቸው። የድሮ ዲናሞ ፑሊ ድፍን ነው፤ ከዘንጉ ጋር አብሮ ይዞራል፣ በቃ። በእንደኔ ዓይነቷ መኪና ላይ ያለው ግን ውስጡ ሥራ አለው። ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር ክራንክ ሻፍቱ (ዋናው የሞተር ዘንግ) አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ሁለት ጊዜ ይተኩሳል። ስለዚህ ለእኛ እኩል የሚዞር ይምሰለን እንጂ፣ በእያንዳንዱ ዙር ውስጥ ሁለቴ ፈጠን ሁለቴ ቀስ ይላል። ናፍጣ ላይ ግፊቱ ስለሚበረታ ደግሞ ይብሳል። ዲናሞው ውስጥ የሚዞረው ክፍል (ሮተሩ) ከባድ ነው። ከሞተሩም ሁለት ተኩል፣ ሦስት እጥፍ ገደማ ይፈጥናል። ሞተሩ ቀስ ሲል ሮተሩ ቀስ ማለት አይፈልግም፤ በያዘው ፍጥነት መሄድ ይፈልጋል። ፑሊው ድፍን ከሆነ ይሄ ሁሉ ጉተታ ቺንጋው ላይ ያርፋል። ቺንጋው ይንሸራተታል፣ ይጮኻል፤ ቴንሽነሩም ይደንሳል። መፍትሔው ፑሊው ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ ፍሪሲዮን መክተት ነበር። ሞተሩ ሲፈጥን ይይዛል፤ ቀስ ሲል ሮተሩን ይለቅቀዋል።

ይሄን ሁሉ ለጋሼ በስልክ ሳስረዳ አልገባቸውም። በመጨረሻ «ጋሼ፣ በብስክሌት ቁልቁለት ሲወርዱ ፔዳሉን ቢያቆሙት የኋላው ጎማ ይቆማል?» አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉ። «ታዲያ ከመጀመሪያው እንዲህ አትለኝም! የብስክሌቱን ነገር ነዋ የከተቱበት።»

አዎ፣ የብስክሌቱን ነገር ነው። የኔው ዝጎ ተጣብቆ ድፍን ሆኗል። ቮልቱ ጥሩ የሆነውም ለዚህ ነው። የተጣበቀ ፑሊ ዲናሞውን በደንብ ያዞራል፤ የባትሪ መብራትም አያበራም። ተቃራኒው ብልሽትም አለ፤ ፍሪሲዮኑ ጨርሶ መያዝ ሲያቅተው ፑሊው ለብቻው ይዞራል፣ ዲናሞው ይቆማል፣ ያኔ መብራቱ ይበራል። ስለዚህ በቮልት ብቻ እንዳትፈርዱ።

እኔ እርግጠኛ የሆንኩት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ፣ ሞተሩን በደቂቃ ወደ 2500 ዙር አድርሼ ድንገት አጠፋሁ። ጤነኛ ፑሊ ቢሆን ሞተሩ ከቆመ በኋላ ሮተሩ ለሰከንድ ለሁለት ሰከንድ «እዝዝ» ሲል ይሰማል። የኔ እዚያው ጭርር ብሎ ቆመ። ሁለተኛ፣ ቺንጋውን አውልቄ፣ በዲናሞው ቀዳዳ ካቻቪቴ አስገብቼ ሮተሩን በቀስታ ያዝኩና ፑሊውን በእጄ አዞርኩ። ከፑሊው በኩል ቆሞ ለሚያይ ሰው በሰዓት አቅጣጫ ሲዞር መያዝ፣ በተቃራኒው በነፃ መዞር አለበት። የኔው በሁለቱም በኩል ያዘ። (ውስጡ ስፕሪንግ ያለበት ዓይነትም አለ። እሱ በሚይዝበት በኩል ትንሽ እንደመለጠጥ ይላል፤ ስላልጠነከረ ተበላሽቷል እንዳትሉ።)

የመጀመሪያው ቅዳሜ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታሁ። ይሄን የማትዘሉት ነገር ነው። ከዲናሞው ጀርባ ያለው ወፍራም ሽቦ በቀጥታ ከባትሪው ጋር የተገናኘ ስለሆነ መኪናው ጠፍቶም ኤሌክትሪክ አለው። ቁልፋችሁ እሱንና አካሉን አንድ ላይ ከነካ ርችት ነው። ቺንጋውን ከማውለቄ በፊት የሚዞርበትን አቅጣጫ በነጭ ቀለም ምልክት አደረግኩ፣ አካሄዱንም ፎቶ አነሳሁ። ቴንሽነሩን በ16 ቁልፍ ገፍቼ ቀዳዳው ውስጥ ቀጭን የድሪል ጫፍ ሰካሁበት፤ እዚያው ተቆልፎ ቆመ።

ከዚያ የፑሊውን የፕላስቲክ ክዳን ነቅዬ ውስጡን ሳይ ግራ ገባኝ። ዳዶ የለም! መሐል ላይ ኮከብ የመሰለ ቀዳዳ፣ ዙሪያውን ደቃቅ ጥርሶች። ቤት ውስጥ ያለኝ ባለ 6 ጫፍ ኮከብ ቁልፍ ልክ የገባ መሰለኝ። ገፋሁት፣ ተንሸራተተ። ደግሜ ገፋሁት፣ ቀዳዳውን ትንሽ ላጠው። እዚያ ላይ ነው ልቤ ድንግጥ ያለው። ሦስተኛ ብሞክር ዘንጉ ራሱ ይበላሽና የጋራዡ 560 ዩሮ እውነት ይሆናል።

ቆምኩ። መሐሉ ባለ 12 ጫፍ ኤም 10 ነው የሚፈልገው። ውጪው ደግሞ ባለ 33 ጥርስ ነው። ሁለቱ ተገጣጥመው የሚሸጡበት መሣሪያ አለ፤ 14 ዩሮ። አዘዝኩት። ሳምንቱን ሙሉ በባቡር ሥራ ሄድኩ።

እግረ መንገዴን ፑሊውንም አዘዝኩ፤ 43 ዩሮ። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ያው አንድ ሞዴል መኪና የቦሽ ዲናሞ ወይም የቫሌዮ ዲናሞ ሊኖረው ይችላል፤ ፑሊያቸው ይለያያል። ዲናሞው አካል ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ሳታዩ እንዳታዙ።

ሁለተኛው ቅዳሜ። (እሑድ ለምን አልሠራህም ለምትሉ፣ ጀርመን ውስጥ እሑድ የፀጥታ ቀን ነው። አንደኛ ፎቅ ያሉት እትዬ መዶሻ ከሰሙ ቀልድ አያውቁም።) ዲናሞውን የያዙትን ሁለት ረጃጅም ቡሎኖች ፈታሁ፣ ሽቦዎቹን ነቀልኩ፣ ወዝወዝ እያደረግኩ አወጣሁት። ሞርሳ የለኝም። አሮጌ ምንጣፍ ላይ አስቀምጬ በሁለት እግሬ ያዝኩት። መሐሉን በኤም 10 ይዞ ውጪውን በሰዓት ተቃራኒ ማዞር ነው፤ መደበኛ ጥርስ ነው። ግን ንቅንቅ አላለም። ቁልፉ ላይ የብረት ቱቦ ሰክቼ አስረዘምኩትና ሙሉ ክብደቴን ጣልኩበት። «ጧ!» አለ። ተሰበረ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ተፈቶ ነው።

አዲሱን በእጄ እስከመጨረሻው ጠመዘዝኩት። ከዚያ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው ቁልፍ) በ80 ኒውተን ሜትር አጠበቅኩት። በእጅ ስሜት አትገምቱት። የካርቶኑን ዕቃ ልጥል ስል ከታች ትንሽ ፕላስቲክ ክዳን አገኘሁ። ለአሮጌው ክዳን ምትክ ነው። ያለ እሱ ውኃና አቧራ ውስጥ ይገባና አዲሱም እንደ አሮጌው ይዝጋል።

መልሶ መግጠሙ ከመፍታቱ ብሶ አገኘሁት። ዲናሞው ቦታው ላይ አልገባ አለ፣ ለሚሊ ሜትር። አንድ ሰዓት ሙሉ በላብ ተጠመቅኩ። ምክንያቱ ቀላል ነበር። የዲናሞው ጆሮዎች ውስጥ ያሉት የብረት ቡሾች ቡሎኑ ሲጠብቅ ተስበው ጨምቀው ይይዛሉ። ከመግጠም በፊት በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ከዚያ ራሱ ገባ።

ቺንጋውን ስመልስ ደግሞ አንድ መስመር ስቶ ተቀምጦ ነበር። በእጅ ባትሪ ሳበራ ነው ያየሁት። ሳላይ አስነስቼ ቢሆን አዲሱ ቺንጋ ባንድ ቀን ይተለተል ነበር።

ኔጌቲቩን መለስኩ፣ አስነሳሁ። ዳሽቦርዱ እንደ ገና ዛፍ በራ! የመሪው መብራት፣ የመንሸራተት መቆጣጠሪያው መብራት። ምን አበላሸሁ ብዬ ደነገጥኩ። ለካ ባትሪ ሲፈታ የመሪው ሴንሰር መሐሉ የት እንደሆነ ይረሳል። መሪውን እስከ ጥግ ወደ ግራ፣ እስከ ጥግ ወደ ቀኝ አዞርኩ፣ ጓሮውን አንዴ ዞርኩ፣ ጠፉ። መስኮቶቹም ባንድ ንክኪ መዝጋት ረስተው ነበር፤ ዘግቶ የመስኮቱን ቁልፍ ትንሽ ይዞ ማቆየት ያስታውሳቸዋል።

ቮልት ለካሁ፤ 14.2፣ እንደ ድሮው። ቴንሽነሩ ግን ቆሟል። ሞተሩን 2500 አድርሼ አጠፋሁ። «እዝዝዝ...» አለ ሮተሩ፣ ለብቻው፣ ጸጥ ባለው ጓሮ። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አጠፋሁት፣ እሱን ለመስማት ብቻ።

ለጋሼ ድምፁንና የአሮጌውን ፑሊ ፎቶ ላክሁላቸው። መልሳቸው ወዲያው መጣ።

«ስትመጣ እንዳትጥለው፤ ይዘኸው ና። ውስጡን ከፍቼ ካላየሁት አላምንም።»