እስክሪብቶው ሲቆም

ጅማ ውስጥ የሒሳብ ወርክሺት አይቸግርም። ያለፉት ዓመታት ፈተናዎች ከነመልሳቸው በፎቶ ኮፒ ይዞራሉ፣ ቴሌግራም ላይም ሞልተዋል። የሚቸግረው ሌላ ነው። ሃያ የተሠሩ ጥያቄዎችን አንብቦ "ገብቶኛል" ያለ ተማሪ፣ ሃያ አንደኛውን በባዶ ወረቀት ሲሰጡት የመጀመሪያዋን መስመር መጻፍ ያቅተዋል። ይህ ስንፍና አይደለም። የተሠራ መልስ ሲነበብ እያንዳንዱ መስመር ከበላዩ ካለው እንዴት እንደመጣ ይታያል። ሠሪው ለምን ከዚያ እንደጀመረና ከዚያ በፊት ምን ሞክሮ እንደጣለ ግን ወረቀቱ ላይ የለም። ጥያቄ የመፍታት ችሎታ ያለው ደግሞ እዚያ ሳይጻፍ የቀረው ላይ ነው።

ስለዚህ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝም ሆነ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ለገባ ፍሬሽማን የምለው አንድ ነው፦ መልመድ ያለብን እስክሪብቶው ሲቆም ምን እንደሚደረግ ነው። ፎርሙላ በሾርት ኖት ይያዛል። ከቆሙበት መላቀቅ ግን የሚለመደው ጥያቄውን ይዘው ሲታገሉ ብቻ ነው።

እንደ አገራችን ልማድ በቡና እንጀምር። ታጥቦ የወጣ ቡና ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። አልጋ ላይ ተሰጥቶ እርጥበቱ ከ10 እስከ 12 በመቶ ሲደርስ ይነሳል። ጥያቄው እንዲህ ይሁን፦ 100 ኪሎ እርጥብ ቡና አለ፣ 55 በመቶው ውሃ ነው። እርጥበቱ 10 በመቶ እስኪሆን ድረስ ደረቀ። ስንት ኪሎ ቀረ?

ብዙ ተማሪ ወዲያው ከ55 ላይ 10 ይቀንስና 45 ያገኛል፣ ይህንኑ ከ100 ላይ ቀንሶ "55 ኪሎ" ይላል። እስቲ መልሱን እንፈትሸው። መጀመሪያ 55 ኪሎው ውሃ ከነበረ ደረቁ ፍሬ 45 ኪሎ ነበር። ፍሬው ከውሃው ጋር አይተንም፣ አሁንም 45 ኪሎ ነው። ጠቅላላው 55 ኪሎ ከሆነ ውሃው 10 ኪሎ ነው ማለት ነው። 10 ለ55 ሲካፈል 18 በመቶ ገደማ ይመጣል እንጂ 10 በመቶ አይሆንም። መልሱ ወደቀ።

ስህተቱ ያለው መቀነሱ ላይ ነው። 55 በመቶው የተለካው ከ100 ኪሎ ነው፤ 10 በመቶው ደግሞ ገና ካልታወቀው አዲስ ክብደት ነው። ከተለያየ ጠቅላላ የተወሰዱ ፐርሰንቶች እርስ በርስ አይቀናነሱም። ቅናሽ፣ ጭማሪና ድብልቅ ላይ የሚሠራው ስህተት አብዛኛው ከዚሁ ይመነጫል። ፎርሙላ ፍለጋ ከመሄድ በፊት "እዚህ ውስጥ ያልተለወጠው ምንድን ነው?" ብሎ መጠየቅ ይበቃ ነበር። ያልተለወጠው 45 ኪሎው ደረቅ ፍሬ ነው። መጨረሻ ላይ ውሃው 10 በመቶ ከሆነ፣ ይህ 45 ኪሎ የጠቅላላው 90 በመቶ ነው። 45 ለ0.9 ሲካፈል 50 ኪሎ። ልክ ግማሹ ተነነ። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለሆነ፣ ሦስት ፈረሱላ ለመሙላት አንድ ኪሎ ጎደለው ማለት ነው።

"ያልተለወጠው ምንድን ነው?" የምትለዋ ጥያቄ ሌላም ቦታ ታገለግላለች። እናት 40፣ ልጅ 10 ዓመት ቢሆናቸው እናት የልጇን ዕድሜ እጥፍ የምትሆነው መቼ ነው? ልዩነታቸው 30 ዓመት ነው፣ መቼም አይለወጥም። እናት እጥፍ የምትሆነው ልጅ ልዩነቱን ሲያክል፣ ማለትም 30 ሲሞላው ነው። ከ20 ዓመት በኋላ። ኢኩዌሽንም አላስፈለገም።

ሁለተኛው መውጫ ትናንሽ ቁጥሮችን መሞከር ነው። "ሀ ማንኛውም ሙሉ ቁጥር ቢሆን ሀ³ − ሀ ለ6 እንደሚካፈል አረጋግጡ" የሚል ጥያቄ ሲመጣ ብዙ ሰው ትክ ብሎ ያየዋል እንጂ አይነካውም። ንኩት። ለ2፣ ለ3፣ ለ4 እና ለ5 ሲሠራ 6፣ 24፣ 60፣ 120 ይመጣል። እዚህ ላይ "ሁሉም ለ6 ይካፈላል" ብሎ ማቆም የተለመደ ስህተት ነው። አራት ምሳሌ ማረጋገጫ አይሆንም። ሂሳብ ሊቁ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1772 ያሳየው ሀ² − ሀ + 41 የሚባል አለ። ከ1 እስከ 40 ያለውን ቁጥር ሁሉ ብታስገቡበት ፕራይም ቁጥር (ከ1 እና ከራሱ በቀር ለሌላ የማይካፈል) ይሰጣል። አርባ ጊዜ! 41ን ስታስገቡ ግን 1681 ይወጣል፤ እሱ ደግሞ 41 በ41 ነው።

ታዲያ ትናንሾቹ ቁጥሮች ምን ሠሩልን? አቅጣጫ አሳዩን። ውጤቶቹን በብዜት እንጻፋቸው፦ 6 ማለት 1 × 2 × 3፣ 24 ማለት 2 × 3 × 4፣ 60 ማለት 3 × 4 × 5፣ 120 ማለት 4 × 5 × 6። በየመሐሉ ያለው ሀ ራሱ ነው። አሁን ፋክተር ማድረጉ ከየት እንደመጣ ይታያል፦ ሀ³ − ሀ = (ሀ − 1) × ሀ × (ሀ + 1)። ሦስት ተከታታይ ቁጥሮች ውስጥ ቢያንስ አንዱ ለ2፣ አንዱ ደግሞ የግድ ለ3 ይካፈላል። 2 እና 3 የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው (ከ1 በቀር) ብዜቱ ለ6 ይካፈላል። የመጨረሻዋን ምክንያት ብዙዎች ይዘሏታል፤ አትዝለሏት። 12 ለ4ም ለ6ም ይካፈላል፣ ለ24 ግን አይካፈልም።

የተሠራ መልስ ላይ ቢሆን ኖሮ የምናገኘው "ፋክተር ሲደረግ" የሚለውን መስመር ብቻ ነበር።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር ልበል። እዚህ ያለው ተማሪ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ያስባል፣ ጥያቄው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ከሒሳቡ በፊት ጥያቄውን በሚያስቡበት ቋንቋ አሳጥሮ መጻፍ ጊዜ ማባከን አይደለም። ሁለት መስመር ይበቃል፦ ምን ተሰጠ፣ ምን ተጠየቀ። በተለይ "ቢያንስ" እና "ቢበዛ" የሚሉ ገደቦች ሳይሰመርባቸው አይታለፉ።

"ቢያንስ" ያለበትን አንድ ጥያቄ እንይ። ከ5 ወንዶችና ከ4 ሴቶች ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ይመረጣል፣ ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን። በስንት መንገድ? ፈጥኖ የሚመጣው ሐሳብ "መጀመሪያ አንዲት ሴት በ4 መንገድ እመርጣለሁ፣ ከዚያ ከቀሩት 8 ሰዎች ሁለቱን በ28 መንገድ፤ 4 ሲባዛ በ28፣ 112" ነው። አሳማኝ ይመስላል። ግን ምንም ገደብ ባይኖር ኖሮ ከ9 ሰው ሦስቱን መምረጥ የሚቻለው በ84 መንገድ ብቻ ነው። ገደብ ያለበት ከሌለበት እንዴት ይበልጣል?

የሆነው እንዲህ ነው። ሐና፣ ጫልቱ እና አንድ ወንድ ያሉበትን ኮሚቴ እንውሰድ። ሐናን መጀመሪያ መርጠን ጫልቱን ከቀሩት ስናገኛት አንዴ ቆጠርነው፤ ጫልቱን መጀመሪያ መርጠን ሐናን ከቀሩት ስናገኛት ደግመን ቆጠርነው። ኮሚቴው ግን አንድ ነው። ሦስት ሴቶች ያሉበት ደግሞ ሦስቴ ተቆጥሯል። መውጫው ተቃራኒውን መቁጠር ነው፦ ሴት የሌለበት ኮሚቴ ከ5 ወንዶች በ10 መንገድ ይመረጣል፣ 84 ሲቀነስ 10፣ 74። ለማመሳከር በየዓይነቱ ብንቆጥርም አንድ ሴት ያለበት 40፣ ሁለት ሴቶች ያሉበት 30፣ ሦስት ሴቶች ያሉበት 4፤ ድምሩ 74 ነው።

መልስ ከተገኘ በኋላ "ይህ ቁጥር ሊሆን ይችላል?" ብሎ መጠየቅ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። 112ን የሚጥለው እሱ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ስሌቱ እንከን ሳይኖረው መልሱ ይበላሻል። √(ሀ + 7) = ሀ − 5 የሚለውን ስንፈታ ሁለቱንም ጎን ስኩዌር እናደርጋለን፦ ሀ + 7 = ሀ² − 10ሀ + 25፣ ማለትም ሀ² − 11ሀ + 18 = 0። ከዚህ 9 እና 2 ይመጣሉ። 9ን መልሰን ስናስገባ በግራ √16 ማለትም 4፣ በቀኝም 4። ትክክል። 2ን ስናስገባ በግራ 3፣ በቀኝ −3። ውድቅ። ስኩዌር ማድረግ ወደፊት እንጂ ወደኋላ የማያስኬድ እርምጃ ነው፤ 3 እና −3 ስኩዌር ሲደረጉ እኩል 9 ይሆናሉና ልዩነታቸው ይጠፋል። ስለዚህ ስኩዌር ባደረጋችሁበት መስመር ጎን ትንሽ ምልክት አድርጉ፣ መጨረሻ ላይ ማስገባት ግዴታ መሆኑን ታስታውሳችኋለች። የዚህ ተቃራኒ መልስ ማጣት ነው፦ ሀ² = 3ሀ ላይ ሁለቱን ጎን ለሀ ያካፈለ 3ን ብቻ ያገኛል፣ 0 ትጠፋበታለች። ዜሮ ሊሆን በሚችል ነገር ከማካፈል ሁሉንም ወደ አንድ ጎን አምጥቶ ፋክተር ማድረግ ይሻላል።

አጠናኑን በተመለከተ፣ መልሱን ከማየት በፊት ለአንድ ከባድ ጥያቄ 20 ደቂቃ ያህል መስጠት ተገቢ ነው። እነዚያን ደቂቃዎች ወረቀት እያዩ ማሳለፍ አይደለም፤ ሥዕል ይሣል፣ ትንሽ ቁጥር ይሞከር፣ ያልተጠቀሙበት መረጃ ይፈለግ፣ ከሚፈለገው ተነስቶ ወደኋላ ይታሰብ። (ፈተና ላይ ግን ሌላ ነው፤ ሦስት ደቂቃ ካልተላቀቀ ምልክት አድርጎ ማለፍ ነው።) ካልሆነ የመልሱን የመጀመሪያ መስመር ብቻ አይቶ ቀሪውን መሸፈንና እንደገና መሞከር።

በግሩፕ ስተዲ ጊዜ ትልቁ ብክነት ፈጣኑ ሲሠራ ሌላው መገልበጡ ነው። የሚያውቀው ሰው እስክሪብቶውን ያስቀምጥና ብቻ ይጠይቅ፦ ምን ተሰጠህ? የትኛዋን ገደብ ገና አልነካሃትም? ቁጥሩ ትንሽ ቢሆን ኖሮ እንዴት ትጀምረው ነበር? ይህ ለሚያስረዳውም ከባድ ነው፤ ራሱ በደንብ ያልገባው ቦታ ጥያቄ ሲያጣ ይታወቀዋል።

ለስህተት የተለየ ደብተር ያዙ። ትክክለኛውን መልስ አጽድቶ መገልበጥ አያስፈልግም። ለእያንዳንዱ ጥያቄ የቆማችሁበትን መስመርና ያላቀቃችሁን ሐሳብ በአንድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ "ፐርሰንቶቹ ከተለያየ ጠቅላላ መሆናቸውን አላየሁም፤ ያልተለወጠውን ስፈልግ ተፈታ።" ከሦስት ቀን በኋላ ጥያቄውን ብቻ አይታችሁ በባዶ ወረቀት ሥሩት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላም ድገሙት። በሁለተኛው ዙር እዚያው መስመር ላይ ከቆማችሁ፣ ቁጥሮቹን ቀይራችሁ ራሳችሁ አዲስ ጥያቄ አውጡ፤ 55 በመቶውን 60፣ 10 በመቶውን 12 አድርጋችሁ ቡናው ስንት ኪሎ እንደሚቀር ከመሥራታችሁ በፊት ከግማሽ ይበልጥ ወይም ያንስ እንደሆነ ገምቱ።